ማሲንቆን ከስፒከር ጋር የሚያገናኝ አምፕሊፋየር፦ ስለ ጉርምርምታ፣ ስለ ግለት እና ስለ ፋይበር ማጉያ

የማራኪው ተማሪ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ሲሆን የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። አጎቴ ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው፤ ጥምቀት አልፎ የሰርግ ወራት ሲገባ ከዳስ ዳስ ሲዞሩ ይከርማሉ። ዳሱ ሰፍቶ እልልታውና ጭብጨባው ሲበዛ ማሲንቆው አይሰማም። በማይክ ሲሞከር ደግሞ ማይኩ የእንግዳውን ጫጫታ ሁሉ ይሰበስብና ማፏጨት ይጀምራል። ስለዚህ ድምፁን ከማሲንቆው ሣጥን ላይ በቀጥታ የሚወስድ አምፕሊፋየር ልሠራላቸው ቃል ገባሁ። ቃል መግባቱ ቀላል ነበር።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ከተበላሸ የማንቂያ ደወል ያወጣሁትን 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፒዞ ሳህን፣ ማለትም ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ስስ ክብ ሳህን፣ ከማሲንቆው ቆዳ ሥር ለጠፍኩት። ምልክቱ ከፒዞው ወጥቶ 10 ኪሎ ኦም በሆነ ቮልዩም በኩል በቀጥታ ድምፅ ወደሚያጎላው ኤልኤም3886 ቺፕ ይገባል። ለቺፑ ኃይል የሚሰጠው ከ220 ቮልት ወደ ሁለት 20 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ በዲዮድና በሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ካለፈ በኋላ ±28 ቮልት ያህል ይሆናል። በመውጫው በኩል ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በፓራለል ተያይዘው፣ 40 ሜትር ርዝመትና 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ ጫፍ ላይ ይገኛሉ።

ችግሮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ማሲንቆው ባይነካም እንኳ ስፒከሩ ያለማቋረጥ ይጎረመርማል። ሁለተኛው፣ የማሲንቆው ድምፅ ወዙን አጥቶ፣ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋበት ንብ መስሎ ይወጣል፤ አጎቴ አንድ ጊዜ ሰምተው «ይህ የእኔ አይደለም» ብለው ማሲንቆውን መልሰው ሰቀሉት። ሦስተኛው የከፋው ነው፦ ጉርምርምታውን ለመቀነስ አስቤ የቺፑን የማጉላት መጠን ከ21 ወደ 5 አወረድኩት፤ ይኸውም 20 ኪሎ ኦም የነበረውን የፊድባክ ሬዚስተር በ3.9 ኪሎ ኦም ተካሁት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጫወት፣ ቮልዩሙም ተዘግቶ እያለ፣ ቺፑ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። አንድ የሱቅ ሰው «ቺፑ ፎርጅድ ስለሆነ ሌላ ግዛ» ብሎኛል።

ከዚሁ ጋር የትምህርት ጥያቄ ልጨምር። በኤሌክትሮኒክስ ትምህርታችን ኔጌቲቭ ፊድባክ፣ ማለትም ከመውጫው ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ፣ የጥሩ አምፕሊፋየር ሁሉ መሠረት እንደሆነ ተምረናል። በኦፕቲካል ኮሙኒኬሽን ትምህርት ግን ብርሃንን በቀጥታ የሚያጎላው ፋይበር ሲብራራ ስለ ፊድባክ አንድም ቃል አልተነሣም። ያለ ፊድባክ ምልክቱ ሳይበላሽ እንዴት ይጎላል?

ካውያ ያዥ

ልጄ፣ ሁለተኛ ቺፕ አትግዛ። ፎርጅድ ቺፕ በገበያው ውስጥ መኖሩ እውነት ነው፤ ያንተ ግን ታሪኩን ራስህ ተናግረኸዋል። ሬዚስተሩን ከመቀየርህ በፊት አይግልም ነበር፣ ከቀየርክ በኋላ ጋለ። አራዳ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሳይጫወት የሚግል አምፕሊፋየር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ለጆሮ በማይሰማ ድግግሞሽ በራሱ እየጮኸ እንደሆነ ነው። ኦሲሎስኮፕ (የሞገዱን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ከሌለህ በድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ክፈትና ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርገህ ወደ ቺፑ አስጠጋት። አምፕሊፋየሩን ስታበራ ሬዲዮዋ የምትንጫጫ፣ ስታጠፋው ዝም የምትል ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ። የቀድሞውን 20 ኪሎ ኦም መልስና እንደገና ሞክር። ከመውጫው ወደ ግራውንድ (የወረዳው ዜሮ ቮልት ነጥብ) 2.7 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ መኖራቸውንም አረጋግጥ፤ ብዙ ሰው «ድምፅ ላይ ለውጥ አያመጡም» ብሎ ይዘላቸዋል፣ ረጅም የስፒከር ሽቦ ሲገጠም ግን ዋጋቸው ይታያል።

ወደ ጉርምርምታው ልምጣ። ፒዞውን ንቀልና የመግቢያውን ሁለት ጫፍ በአጭር ሽቦ አገናኝ። ጉርምርምታው ከጠፋ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ካልጠፋ ከራስህ ሣጥን ውስጥ ነው። ድምፁንም ለይተህ አድምጥ፦ ወፍራሙና ለስላሳው 50 ኸርዝ በአብዛኛው በሽቦና በእጅ በኩል ከመብራት መስመሩ የሚሰበሰብ ነው፤ ሻከር ብሎ የሚንጣጣው 100 ኸርዝ ደግሞ ከኃይል ማጣሪያው የሚመጣ ነው።

ከመቶ ጊዜ ዘጠናውን የማገኘው ስህተት የግራውንድ ሽቦው የተያዘበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ይህን በዝርዝር ልጻፈው። የሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች መካከለኛ ነጥብ ከትራንስፎርመሩ መካከለኛ ሽቦ ጋር ይገናኛል። በዚያች ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት እንደ ወንዝ የሚፈስ አይደለም፤ በሴኮንድ 100 ጊዜ፣ ዲዮዶቹ በተከፈቱባት አጭር ቅጽበት ብቻ፣ እየተወረወረ ነው የሚያልፈው። የአንዱ ውርወራ ጫፍ 5 አምፒር ቢሆን፣ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ባለ 0.75 ሽቦ 2.3 ሚሊ ኦም ገደማ ስላላት በሁለቱ ጫፎቿ መካከል 11 ሚሊ ቮልት ይፈጠራል። የመግቢያህን ግራውንድ ከትራንስፎርመሩ ጫፍ ይዘህ የቺፑን ግራውንድ ከካፓሲተሩ ጫፍ ከያዝክ ያ 11 ሚሊ ቮልት ልክ እንደ ማሲንቆ ድምፅ ወደ ቺፑ ይገባል፤ በ21 ተባዝቶም ሩብ ቮልት ሆኖ ስፒከሩ ላይ ይወጣል። መድኃኒቱ ይህ ነው፦ ካፓሲተሮቹን እርስ በርስ በአጭርና ወፍራም ሽቦ አያይዝ፤ ከእነርሱ መካከለኛ ነጥብ ሌላ አንድ ሽቦ አውጣና ጫፏን የኮከብ መሐል አድርጋት፤ የመግቢያው፣ የስፒከሩና የፊድባኩ ግራውንዶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽቦ እዚያ ነጥብ ላይ ብቻ ይምጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብለው የብረት ሣጥኑን አርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወስደውን የደኅንነት ሽቦ፣ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ዳስ ውስጥ መሬቱ በውኃ የራሰ፣ ጄኔሬተሩም በጀርባ በኩል የሚሠራ ነው። አርዙን አትንካ።

ሽቦና ስሌት

ከላይ ለተሰጠው መልስ አድናቆቴን እየገለጽኩ፣ ሬዚስተሩ መቀነሱ ቺፑን ለምን እንዳስጮኸው ላብራራ፤ ምክንያቱም ጠያቂው መጨረሻ ላይ ካነሡት ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይያያዛል።

ኔጌቲቭ ፊድባክ የተወለደው ከስልክ መስመር ነው። ረጅም የስልክ መስመር ላይ በየርቀቱ የሚቀመጡት አምፕሊፋየሮች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ድምፁን ስለሚያጣምሙ፣ ማጣመሙ እየተደመረ መጨረሻ ላይ የተናጋሪው ቃል አይለይም ነበር። የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ የነበረው ሐሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1927 ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ሀድሰን ወንዝን በሚያሻግር ጀልባ ላይ ሳለ መፍትሔው ታየውና በያዘው ጋዜጣ ገጽ ላይ ጻፈው። የባለቤትነት መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ ብዙ አጉልቶ መልሶ መጣል ለመርማሪዎቹ ሊዋጥላቸው አልቻለም ነበር። ጥቅሙን በቁጥር ለማየት፣ በራሱ 10,000 ጊዜ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ከመውጫው አንድ ሃያኛውን ቢመልስ የሚገኘው የማጉላት መጠን 19.96 ነው። አምፕሊፋየሩ በሙቀት ወይም በእርጅና ምክንያት ግማሽ ጉልበቱን አጥቶ 5,000 ቢሆን እንኳ ውጤቱ 19.92 ይሆናል። ግማሹ ጠፍቶ አድማጭ አያውቅም።

ዋጋ ግን አለው። ምልክቱ በቺፑ ውስጥ አልፎ እስኪመለስ ይዘገያል፤ ድግግሞሹ ከፍ ሲል መዘግየቱ የሞገዱን አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል፣ ያን ጊዜ እንዲቀንስ የታሰበው መልስ ጨማሪ ይሆናል። በዚያ ድግግሞሽ ላይ የሚመለሰው መጠን ከወጣው ካላነሰ አምፕሊፋየሩ በራሱ መጮኽ ይጀምራል፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1932 በሥርዓት ያስቀመጠው ሃሪ ናይኲስት ነው። እርስዎ የማጉላት መጠኑን ከ21 ወደ 5 ሲያወርዱ የሚመለሰውን ፊድባክ አራት እጥፍ አሳደጉት። የቺፑ አምራች የማጉላት መጠኑ ከ10 እንዳያንስ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ድምፅን መቀነስ ሲያስፈልግ የሚቀነሰው በቮልዩም እንጂ በዚህ ሬዚስተር አይደለም።

የንቡን ድምፅ በተመለከተ ጥፋቱ የፒዞው ሳይሆን የ10 ኪሎ ኦሙ ቮልዩም ነው። ባለ 27 ሚሊ ሜትር ፒዞ በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ 20 ናኖፋራድ ገደማ የሆነ ካፓሲተር ነው። ከ10 ኪሎ ኦም ጋር ሲገናኝ ከ800 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ የሚያዳክም ማጣሪያ ይሠራል። የማሲንቆ መሠረታዊ ድምፅ ደግሞ በአመዛኙ ከዚያ በታች ስለሆነ እርስዎ ያጎሉት የፈረስ ፀጉሩን ፍግታ እንጂ ዜማውን አልነበረም። በ10 ኪሎ ኦም ፈንታ 1 ሜጋ ኦም ቢገባ ያ ወሰን ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል። ስለዚህ ከፒዞው ቀጥሎ ቲኤል072ን የመሰለ፣ መግቢያው ጅረት የማይስብ ቺፕ፣ 1 ሜጋ ኦም ከመግቢያው ወደ ግራውንድ ተደርጎለት፣ በ10 ያህል እያጎላ ይቀመጥ፤ ቮልዩሙ ከእርሱ በኋላ ይምጣ። ኃይሉን ቮልት በሚያረጋጉት 7815 እና 7915 ቺፖች አማካይነት ከዚያው ±28 ቮልት ማግኘት ይቻላል። 1 ሜጋ ኦም ራሱ ሽሽታ ያመጣል የሚል ሥጋት ይነሣ ይሆናል፤ የፒዞው ካፓሲተር ያንን ሽሽታ ወደ ግራውንድ ስለሚያሳልፈው በተግባር አይሰማም። ከዚህ የመጀመሪያ ደረጃ በኋላ የሚገባው ማንኛውም ኖይዝ (ያልተፈለገ ድምፅ) ከምልክቱ ጋር ሲነጻጸር በአሥር እጥፍ ያነሰ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ መቆጠብ የሌለበት ለዚህ ነው።

ጩኸቱ ከቆመ በኋላም የሙቀቱ ስሌት ይቀራል። በ56 ቮልት ጠቅላላ ኃይል ቺፑ የሚያባክነው ከፍተኛ ሙቀት ለ8 ኦም 20 ዋት ገደማ፣ ለ4 ኦም ደግሞ 40 ዋት ገደማ ነው። የእርስዎ ሁለት ስፒከሮች በፓራለል 4 ኦም ስለሆኑ ሄት ሲንኩ፣ ማለትም ከቺፑ ሙቀቱን የሚበትነው ብረት፣ ለ40 ዋት ይታሰብ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ያለ ፋን የሚሠራ ሄት ሲንክ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ይደክማል። አምራቹ በመረጃ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን መጠን ሳይቀንሱ አይመኑ። ሽቦውም ይታሰብበት፦ 40 ሜትር ደርሶ መልስ 80 ሜትር ነው፤ በ0.75 ሽቦ 1.8 ኦም ይሆናል፣ ከ4 ኦም ስፒከር ጋር ሲሆን የኃይሉን ሲሶ ያህል ሽቦው ይበላዋል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ብክነቱ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል።

ብርሃን በገመድ

የፋይበር መስመር ላይ ስለምሠራ የመጨረሻውን ጥያቄ ልውሰድ።

መጀመሪያ ሥራውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት አሥር ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ፋይበር ውስጥ 980 ወይም 1,480 ናኖ ሜትር የሆነ የሌዘር ብርሃን ሲገባ የኤርቢየሙ አተሞች ኃይል ይሸከማሉ። ከዚያ 1,550 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነው ደካማ ምልክት ሲያልፍ እያንዳንዱ አተም የተሸከመውን ከምልክቱ ጋር በአንድ ቀለምና በአንድ አካሄድ ይለቅለታል። ይህ ማጉያ እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ፔይን ቡድን፣ በዚያው ዓመትም በቤል ላቦራቶሪ በኢማኑኤል ዴሱርቪር በኩል ተሠርቶ ታየ። ከዚያ በፊት ብርሃኑ በየጣቢያው ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ፣ ተስተካክሎ፣ እንደገና ወደ ብርሃን ይመለስ ነበር።

ፊድባክ የሌለው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ሊደረስበት አይችልም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አሥር ሜትር ለመሄድ 50 ናኖ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በሴኮንድ 10 ጊጋ ቢት በሚያልፍበት መስመር በዚያ ጊዜ ውስጥ 500 ቢት አልፏል። ከላይ እንደተባለው የዘገየ መልስ ከማረም ይልቅ ያስጮኻል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥ ደስ የሚለኝ ነው፦ አያስፈልግምም። የቤትህ አምፕሊፋየር ኃይሉ ሲያልቅበት የሞገዱን ጫፍ ያኔውኑ ይቆርጠዋል፤ ማጣመም ማለት ይህ ነው። ኤርቢየም ግን የተሸከመውን ኃይል ይዞ የሚቆየው 10 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ስለሆነ በጣም ዝግተኛ ነው። በ10 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ 100 ሚሊዮን ቢት ያልፋል። ስለዚህ አንድ ቢት ብርሃን ሆነም ጨለማ ሆነም ማጉያው አያየውም፤ የሚያየው የረጅም ጊዜ አማካዩን ብቻ ነው። ቢደክም እንኳ ለሁሉም ቢት እኩል ይደክማል፣ የምልክቱ ቅርጽ አይነካም። በተግባር ፊድባክ የምናስገባው በዝግታ ብቻ ነው፤ ቻናሎች ሲጨመሩና ሲቀነሱ ለኤርቢየሙ ኃይል የሚሰጠውን ሌዘር ከፍና ዝቅ ለማድረግ።

ያልተፈለገ ፊድባክ ግን እኛንም ያሠቃየናል። ከቆሸሸ ኮኔክተር ላይ ተንጸባርቆ የሚመለስ ብርሃን ማጉያውን ደግሞ ደጋግሞ ካለፈ ራሱ ሌዘር ሊሆን ይችላል። ይህ የአጎትህ ማይክ ዳስ ውስጥ ከሚያፏጨው ፉጨት ጋር አንድ ነገር ነው። መከላከያው በማጉያው ሁለት ጫፎች ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አይሶሌተር ማድረግ ነው።

«የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አይቆጠብም» የተባለውን በእኛ ቤት ላሳይህ። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እንበል፤ ለማስተማሪያ የማነሣው ስሌት እንጂ መሬት ላይ ያለውን መስመር መግለጼ አይደለም። በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ሲቀንስ 36 ዴሲቤል ይሆናል፤ 1 ሚሊ ዋት የላከ ሰው ባሕር ዳር ላይ የሚያገኘው አራት ሺኛውን ነው። ማጉያውን ባሕር ዳር ላይ ብቻ ብታስቀምጥ፣ የማጉያው የራሱ የኖይዝ መጠን 5 ዴሲቤል ቢሆን፣ በተለመደው የ0.1 ናኖ ሜትር መለኪያ ምልክቱ ከኖይዙ የሚበልጠው በ17 ዴሲቤል ገደማ ነው። ያንኑ ዓይነት ማጉያ ሌላ ጨምረህ መሐል መንገድ ላይ፣ አዲስ ዘመን አካባቢ ብታስቀምጥ ልዩነቱ ወደ 32 ዴሲቤል ያድጋል። ማጉያ በተጨመረ ቁጥር ኖይዝ መጨመሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ምልክቱ ሳይደክም ከተደረሰበት የሚጨመረው ኖይዝ ከምልክቱ አንጻር ትንሽ ነው። ከደከመ በኋላ የሚያጎላው ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ነው። ፒዞው አጠገብ የምታስቀምጠው ትንሽ ቺፕ የአንተ አዲስ ዘመን ናት።

የማራኪው ተማሪ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጋሼ፣ የሬዲዮው ነገር እንደተባለው ሆነ፤ ጎረቤታችን ካሉ አንዲት አሮጊት ሬዲዮ ተውሼ ሳስጠጋት እንደ ሚጥሚጣ ምጣድ ተንጣጣች። 20 ኪሎ ኦሙን ስመልስ ዝም አለች፤ ቺፑም ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ለብ ብቻ ያለ ነው። መውጫው ላይ ካፓሲተሩና ሬዚስተሩ አልነበሩም፤ እኔም «ለውጥ አያመጡም» ካሉት አንዱ ነበርኩና አሁን ገጥሜያቸዋለሁ። መግቢያውን በሽቦ ሳገናኝ ጉርምርምታው ስላልጠፋ ሣጥኑን ከፍቼ አየሁ፤ የመግቢያው ግራውንድ በእርግጥ ከትራንስፎርመሩ ጫፍ የተያዘ ነበር። ወደ ኮከቡ ነጥብ ሳዛውረው የ100 ኸርዙ ንጣጣ ጠፋ።

ቲኤል072ን በ1 ሜጋ ኦም ገጥሜ አጎቴን ጠራኋቸው። አንድ ጊዜ ረጅም አድርገው ሳቡና ቀና ብለው ስፒከሩን አዩት፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ ቅኝቱን ማስተካከል ጀመሩ። ቀደም ሲል ለመቃኘት እንኳ አልደከሙም ነበር። 2.5 ሽቦ ገና አልገዛሁም፤ ዋጋው ከቺፑ ይበልጣል።

አንድ ነገር ቀርቷል። አጎቴ እጃቸውን ከማሲንቆው ሲያነሡ ደከም ያለ የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ሲይዙት ይጠፋል።

ካውያ ያዥ

እጅ ሲነካው የሚጠፋ ከሆነ ፒዞው አልተሸፈነም ማለት ነው። 1 ሜጋ ኦም ያለው መግቢያ በአቅራቢያው ያለውን የመብራት መስመር እንደ አንቴና ይሰማዋል። ከፒዞው ጀርባ የመዳብ ስስ ቅጠል አልብሰው፤ አልሙኒየም አትሞክር፣ ሊድ አይዝልህም። በመካከላቸው ፕላስተር አድርግ፤ ቅጠሉ የሳህኑን መሐል ነጩን ክብ ከነካ ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል። ቅጠሉንና የፒዞውን የናስ ጠርዝ አንድ ላይ ከገመዱ ውጫዊ ሹራብ ጋር በይድ፤ ነጩን ክብ በመሐለኛው ሽቦ። ገመዱ ከማሲንቆው እስከ ቲኤል072 ያለው ርቀት በተቻለ መጠን ይጠር፤ ቢቻል ቺፑን ከነትንሽ ሣጥኑ አጎትህ ወገባቸው ላይ ይታጠቁት። ካውያው ሲነካው አትቆይ፣ ፒዞ በሙቀት ኃይሉን ያጣል።